የጮኸ አይጠየቅም

ኢምከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ብስክሌቷን አቁማ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። በነሱ ቤት ደንብ የተዘረጋ እጅ «ቁም» ማለት ነው። አባቷ ሃርም ከኋላዋ መጣ። የብስክሌቱን መሪ በሁለት እጁ እንደጨበጠ፣ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ሊነካት ምንም ሳይቀረው አልፏት ሄደ። ፍጥነቱን አልቀነሰም። ዞር ብሎም አላየም።

«አባባ!» አለች። ንፋሱ ከባሕር በኩል ነበርና ድምፅዋን ወደ መንደሩ ይዞት ሄደ።

ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ሻጯ የበሩን እጀታ ይዛ ትጠብቃታለች። ኢምከ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ዳቦዎች አየች፣ የአባቷን ጀርባ አየች፣ ጀርባው ግድቡ ላይ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ ሴትዮዋን በእጇ ይቅርታ ጠይቃ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

የደረሰችበት ከብዙ መንገድ በኋላ ነው። ከግድቡ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አይብ በሴንጢ እየቆረጠ ይበላል።

«የት ቀረሽ?» አላት።

«እጄን አንስቼ ነበር እኮ። ዳቦ ልንገዛ አልነበር?»

«ለሰው ሰላም የምትይ መስሎኝ።»

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ ለበግም ሰላም ትያለሽ።» ሴንጢውን በሱሪው ጠርጎ አጠፈና ተነሳ። «በይ እንሂድ። የሚጠብቅ ሰው ይበርደዋል።»

ኢምከ ገና ከብስክሌቷ አልወረደችም ነበር። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ሃርም ዕድሜውን ሙሉ የስፖርት መምህር ነበር። በየበጋው ልጆቹን ይዞ ብስክሌት ሲነዳ ሕጉ አንድ ነው፦ የፈጠነ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቁጭ ብሎ ያርፋል፣ ይበላል፤ የዘገየ ሲደርስ ሁሉም ይነሳል። ስለዚህ የዘገየ አያርፍም። እናቷ ይህን ሕግ አንድ በጋ ቀምሳ በባቡር ወደ ቤቷ የተመለሰችው ኢምከ ሳትወለድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰልፉ አልተለወጠም፤ ከፊት ሃርም፣ ከዚያ ታላቅ ወንድሟ ዩረን፣ መጨረሻ ላይ ኢምከ። እሷ የምታውቀው የአውሮፓ ግማሹ የዩረን ጀርባ ነው።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከግሮኒንገን፣ ከቤታቸው ደጃፍ፣ ቦርሳዎቹን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ሊነሱ ሲሉ ሃርም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንቺ ከፊት ሁኚ» አላት። ዩረን ሥራ በዝቶበት አልመጣም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መንገዱ በጀርመን የባሕር ግድቦች ላይ አድርጎ በዴንማርክ ምዕራብ ዳርቻ ሽቅብ እስከ ስካገን ይዘልቃል፤ ስካገን የአገሩ ጫፍ ነው፣ ሁለቱ ባሕሮች የሚጋጩበት። ሃርም ሌላውን ሁሉ ነድቷል፣ ስካገን ብቻ ቀርቶታል።  ኢምከ ጆሮዋ ሲቀላ ተሰማት። «ከፊት ሁኚ» ያላትን ቃል እንደ ትኩስ ዳቦ በጉያዋ ይዛ ጀርመንን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠች።

ከፊት መሆን ሥራ አለው። ንፋሱን በደረት መቀበል አለ፣ ካርታ ማየት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጮህ አለ። የብስክሌት መንገድ መኪና እንዳይገባበት መሐሉ ላይ አጭር ችካል ይተከላል፤ ከኋላ ያለ ሰው የፊተኛው ጀርባ ስለሚጋርደው ችካሉን አያየውም። ስለዚህ የፊተኛው አንድ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጣቶቹን እየዘረጋ፣ «ችካል!» ብሎ ይጮሃል። በነሱ አገር ይህን ለሕፃን ከመራመድ ቀጥሎ ያስተምሩታል። ሃርም ደግሞ የራሱን ጨምሮበታል፦ የጮኸ አይጠየቅም። ጩኸቱን ሰምቶ የወደቀ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ጉዞው እስኪያልቅም የሁሉንም ዕቃ ያጥባል።

ሃርም ከወንበሩ ቀድሞ ስለተነሳ አሁን ከፊት የሚነዳው እሱ ነው። ኢምከ ከኋላ ጎማው ተጠግታ ተከተለችው። ግድቡ ላይ በጎች ተኝተዋል። መንገዱ ቁልቁል ወደ ማሳዎቹ ሲታጠፍ መሐሉ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ ችካል ቆሟል፤ ከሩቅ የሚጠራ ቀለም ነው። ሃርም ቀጥ ብሎ ሄደበት። በመጨረሻዋ ቅጽበት አንድ ነገር የጠረጠረ ይመስል መሪውን ነቅነቅ ሲያደርግ የጎን ቦርሳው ችካሉን ገጨው፤ ብስክሌቱ ተንገዳግዶ ቀና አለ። ኢምከ ሣሩ ውስጥ ገብታ ተረፈች።

«አባባ! ችካል አላልክም እኮ!»

«ብያለሁ።»

«አላልክም። እዚሁ ከኋላህ ነኝ።»

«ብያለሁ፤ ንፋሱ ወስዶት ይሆናል።» ዞር እንኳን አላለም። «ጆሮሽን ታጠቢ።»

ኢምከ ሣሩ ውስጥ ቆመች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ታውቃታለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በድሬንተ ጫካ ውስጥ፣ ከችካል ጋር ተጋጭታ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ሰብራለች። አፏ በደም እንደተሞላ ቀና ስትል አባቷ በላይዋ ቆሞ፣ «ብያለሁ፤ ንፋሱ ወስዶት ይሆናል» ብሏት ነበር። ዩረንም «አዎ፣ ብሏል» አለ። ያን በጋ የቀረውን ሁሉ ዕቃ ያጠበችው እሷ ናት፤ ከንፈሯ አብጦ፣ ሾርባ በስትሮ እየጠጣች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤትም፣ ሥራም ላይ፣ ሰው የተናገረውን አልሰማሁ ይሆናል ብላ ደግማ የምትጠይቅ ሴት ሆነች። ሰዎች ጨዋነት ይመስላቸዋል።

አሁን ግን የሃርምን ጀርባ እያየች ሌላ ነገር ማስተዋል ጀመረች። ትናንት ጠዋት ቡናውን ከስኒው ጎን አፍስሶታል። ግድቡ ላይ ያለውን የበጎች አጥር በር መቀርቀሪያ በዓይኑ ሳይሆን በእጁ ነው የሚፈልገው፤ እንጨቱን ከላይ ወደ ታች እየዳበሰ። ካርታውን፣ «አንቺ ተማሪበት» ብሎ የሰጣት እሱ ነው። ሰው ሲያናግረው ደግሞ እንደ ዶሮ በጎን ያያል። ዳቦ ቤቱ ጋም የተዘረጋ እጇን ንቆት አልነበረም ያለፈው። ጭራሽ አላየውም። ጎን ጎኑን እንጂ ፊት ለፊቱን አያይም።

ከፊት ሁኚ ያላትም ለዚህ ነው። አምኗት አይደለም። ዓይን ፈልጎ ነው።

በጉያዋ ይዛው የመጣችው ትኩስ ዳቦ ድንጋይ ሆነባት።

 ብስክሌቷን ከሣሩ አውጥታ በፍጥነት ነዳችና አልፋው ከፊት ሆነች፤ እሱም አሳለፋት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ትጮህ ጀመር። ችካል። ጉድጓድ። የጠርሙስ ስብርባሪ። በር ተዘግቷል። ወደ ቀኝ። በግ። ጠጠር። ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ፣ አባቷ ግን ይበልጥ ተጠጋት፤ የጎማው ጩኸት ከተረከዟ ሥር ይሰማታል። አላመሰገናትም። እሷም ምስጋና አልጠበቀችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፦ ከራሱ አፍ «አይታየኝም፣ ምሪኝ» የሚል ቃል እንዲወጣ። ያቺን ካለ ስካገን ድረስ ዓይን ትሆነዋለች፤ ለማንም አትናገርም። ዩረን ቢሰማ በማግስቱ መጥቶ ብስክሌቱን እንደሚወስድበት፣ ሃርምም ከዚያ በኋላ ስካገንን እንደማያይ ሁለቱም ያውቃሉ።

እንዲህ እየጮኸች ድንበሩን ተሻገሩ። የዴንማርክን አሸዋና ቁጥቋጦ፣ ዝናቡንም፣ እንዲሁ እየጮኸች አለፈችው። ቃሉ ግን አልመጣም።

ለስካገን አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ አመሻሽ ላይ፣ ከጫካው ዳር ካለ የእንጨት መጠለያ ደረሱ። እነዚህ መጠለያዎች ባለቤት የላቸውም፤ በአንድ በኩል ክፍት ናቸው፣ የደረሰ ሁሉ ጎን ለጎን ይተኛባቸዋል። ዲትማርና ኡተ የሚባሉ ጡረተኛ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ቀድመው ገብተው በትንሽዬ የጋዝ ምድጃ ፓስታ ይቀቅላሉ። ለሁለቱም አካፈሏቸው። ሃርም ከቦርሳው ጨው የሚበዛባትን ጥቁር ከረሜላ አውጥቶ አዞረ። ዲትማር አንዷን አፉ ውስጥ ከትቶ ፊቱን ቢያጨፈግግ ሃርም፣ «እኛ ልጆቻችንን በዚህ ነው የምናሳድጋቸው!» ብሎ ሳቀበት።

«ያሳደግሃትማ ጎበዝ ሆናለች» አለ ዲትማር። «ስትመጡ አይቻችሁ ነበር። ያንን ሁሉ ንፋስ ከፊት ሆና የምትበላው እሷ ናት።»

«ላም የሚነዳው ከኋላ ሆኖ ነው» አለ ሃርም። «ከፊት ሆኜማ ስንት ጊዜ ጠፍታብኛለች!»

ዲትማር ሳቀ። ኡተ ኢምከን አየቻትና ሳቋን አቆመች።

ሃርም ሳቅ ከሰማ አይመለስም። «የጥርሷን ነገር አልነገርኳችሁም! አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጫካ ውስጥ ከፊት ሆኜ፣ ‹ችካል!› ብዬ ባሕሩ እስኪሰማ ጮኽሁ። እሷ ምን ታያለች? ሰማይ! ጧ! ከዚያ በአራት እግሯ ሆና ቅጠል ውስጥ ጥርሷን ስትፈልግ ብታዩዋት፤ አሳማ ነው የምትመስለው።»

«አይ ምስኪን!» አለች ኡተ። «ከዚያስ ምን አደረገች?»

«ምን ታደርጋለች፣ ዕቃ አጠበች!»

ኢምከ ሳህኗን እግሯ ሥር አስቀመጠች። «ጮኸህ ነበር?» አለችው።

«ምን?»

«ያን ቀን። ጮኸህ ነበር ወይ?»

«ዩረንን ጠይቂው።»

«ዩረን አንተ ያልከውን ነው የሚለው።»

ሃርም ፊቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በዓይኑ ዳር ፈለጋት። ከዚያ ወደ ጀርመኖቹ ዞሮ፣ «ይኸው እንግዲህ! ሌሎች ሴቶች ልጅ ያቅፋሉ፤ የኔዋ ይህን ሁሉ ዓመት ችካል ታቅፋ ትዞራለች» አለ።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ዲትማር ምድጃውን ለማጥፋት ጎንበስ አለ።

ኢምከ ዕቃውን ሰብስባ ከመጠለያው ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ የሃርም እርምጃ ተሰማት፤ ግድግዳውን በእጁ እየተደገፈ መጣና የጥርስ ብሩሹን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሰው ፊት የለም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ብላ አሰበች።

«አባባ፣ ዓይንህን ሐኪም አይቶልሃል?»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«አላውቅም። የማይታይህ ከሆነ ግን ንገረኝ። ለማንም አልናገርም። ልትነግረኝ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ውሃው ይፈስሳል። ሃርም ብሩሹን በጣቶቹ ያገላብጣል። ኢምከ የያዘችውን ሳህን ማጠቧን አቁማ ጠበቀች። ከንፈሩ ሊከፈት ሲል አየችው፤ እርግጠኛ ናት፣ ሊናገር ነበር።

«ለዩረን ደውለሽለታል?» አላት።

«አልደወልኩም።»

«እንግዲያው አፍሽን ሰብስቢ። ሌላም ልንገርሽ፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ዓሣ ሻጭ ትጮሂያለሽ። ችካል! ጉድጓድ! በግ! ዕውር አደረግሽኝ እንዴ? አንቺ ሳትወለጂ መንገድ አንብቤያለሁ። ከነገ ጀምሮ ካንቺ አፍ አንዲት ቃል እንዳልሰማ።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም።»

«እሺ» አለች ኢምከ። ሳህኑን አጥባ ጨረሰችው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ኡተ ሲሰነባበቱ የኢምከን እጅ ከልማዱ በላይ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። መንገዱ ጠዋት ላይ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ኢምከ ከፊት፣ ሃርም ከኋላ፣ ያለ ቃል ነዱ። እንደ ወትሮው ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳለች። ሃርም ዓይኑን በዚያ ቢጫ ላይ ጥሎ እንደሚከተላት ካወቀች ሰንብታለች። ፀሐይዋ በረታ ስትል ካፖርቱን አውልቃ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከሥር የለበሰችው ግራጫ ሹራብ ነው። ሞቋት ነበር፤ ያ እውነት ነው።

ሃርም ደስ ብሎታል። «ይሸትሻል?» ይላል ከኋላ። «ባሕሩ እኮ ነው! ከሁለቱም በኩል ነው የሚሸተው!» ያፏጫል። ትንሽ ቆይቶ፣ «እናትሽ ብታየን ምን ትል ነበር?» አላት። ኢምከ አልመለሰችም። አንዲትም ቃል እንዳትናገር ተብላለች።

መንገዱ ከአሸዋው ወጥቶ የጥድ ደን ውስጥ ገባ። ከዚያ ሁሉ ብርሃን ወደ ጥላ ሲገቡ ለእሷም ለጥቂት ጊዜ ጨለም ብሎባት ነበር። ከዚያ አየችው። የጫካ መኪና መንገድ የብስክሌቱን መንገድ በሚያቋርጥበት፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ያልተቀባ ያረጀ ችካል። እንደ ዛፎቹ ግራጫ ነው።

ግራ እጇ ሳታዘው ወደ ኋላ ሄደ። ጣቶቿ ተዘረጉ። አፏም ተከፈተ። ጊዜ ነበራት፤ ለአንድ ጩኸት አይደለም፣ ለሦስትና ለአራት የሚበቃ ጊዜ። ከኋላዋ ሃርም ያፏጫል፣ ጎማው ተረከዟ ሥር ነው። ኢምከ ጣቶቿን ሰበሰበች። እጇን ወደ መሪው መለሰችና ችካሉን በቀኝ በኩል አለፈችው። ፍጥነቷን አልቀነሰችም።

ፉጨቱ ተቋረጠ። ከዚያ የእንጨትና የብረት ድምፅ ሰማች፣ ቀጥሎ ደግሞ ለስለስ ያለ፣ ጆንያ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ።

ፍሬን ያዘች። ብስክሌቷን ዛፍ ላይ አስደግፋ ተመለሰች። ሃርም በጎኑ ወድቋል፤ የቀኝ ትከሻው ቦታውን ለቋል፣ ከግንባሩ የሚወርደው ደም የጥድ ቅጠሉን ያርሳል። ውሻዋን ስታንሸራሽር የነበረች ዴንማርካዊት ከደኑ ውስጥ እየሮጠች መጣችና ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች። ኢምከ ተንበርክካ ፎጣዋን ግንባሩ ላይ ያዘችለት። 

«ኢምከ።»

«አቤት አባባ።»

«ችካል ነው?»

«አዎ፣ ችካል ነው።»

ሃርም ተነፈሰ። ትንፋሹ ያፏጫል። «ጮኸሽ ነበር?»

ሴትዮዋ ኢምከን አየቻት። ውሻው የወደቀውን ብስክሌት ያሸታል፤ የኋላ ጎማው ገና መሽከርከሩን አልተወም።

«ብያለሁ» አለች ኢምከ። «ንፋሱ ወስዶት ይሆናል።»

ደኑ ውስጥ ንፋስ አልነበረም።  ሃርም ደህነኛውን እጁን አነሳ፤ ወደተጎዳው ትከሻው ይወስደዋል ብላ ስትጠብቅ ወደ ጆሮው ወሰደው። ጆሮውን ይዞ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ኢምከ ታውቀዋለች፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ መስተዋት ውስጥ አይታዋለች። የዚያን ጊዜ በድሬንተ ጫካ ማንም እንዳልጮኸም ያወቀችው አሁን ነው።

አምቡላንሱ መጣ። ሁለት ሰዎች ሃርምን በቃሬዛ አንስተው አስገቡት። ከሁለቱ አንዷ ኢምከን፣ «አብረሽው ትሄጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ኢምከ መልስ ሳትሰጥ ሃርም ከውስጥ ተጣራ።

«ኢምከ! ሐኪም ቤቱ ሩቅ አይደለም አሉ። ትከሻዬን አስረው ይለቁኛል። ስካገን ያለኔ እንዳትገቢ፣ ሰማሽኝ?» ድምፁ ቀጠነ። «ጠብቂኝ። እባክሽ።»

ሰምታዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቃት የኖረችው ቃል ናት ማለት ይቻላል፤ የመጣችው ከችካሉ በኋላ ሆነ እንጂ።

«በኋላ እመጣለሁ» አለቻት የአምቡላንሱን ሴት፤ ሴትዮዋም በሩን ዘጋችው።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ኢምከ የአባቷን ብስክሌት አነሳች፤ የፊት ጎማው ተጣሟል፣ አይነዳም። ብስክሌቱን ከዚያው ችካል ጋር አስጠግታ በሰንሰለቱ ቆለፈችው፤ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ቢጫ ካፖርቷን አውጥታ ለበሰች። ከዚያ ስካገን ድረስ ብቻዋን ነዳች።